የጭስ ጠቋሚዎቻችን በቡናና በዕጣን ጭስ ይፈተኑልን
ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት

ይድረስ ለድርጅቱ የሥራ ኃላፊዎች፣

ሥራዬ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ነው። በቅርቡ አንድ አፓርትማ ለጥገና ገብቼ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ከገባሁባቸው ስድስት ቤቶች በአራቱ ስሞክ ዲቴክተሩ፣ ማለትም የጭስ ጠቋሚው፣ በፌስታል ታፍኗል። አንዲት እናት "ልጄ፣ ቡና በቆላሁ ቁጥር ይጮህብኛል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደንግጦ ይወጣል፤ ምን ላድርግ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ሌሊት ሶኬት ቢቃጠል በፌስታል የታፈነ መሣሪያ ምኑን ያሸታል?

አስመጪዎች የሚያሳዩን የውጭ ሰርተፍኬት ነው። እሱን አልንቅም። ኢኤን 54 ክፍል 7 በሚባለው የአውሮፓ የጭስ ጠቋሚ ደረጃ መሠረት ዲቴክተሩ 10 በ7 ሜትር ገደማ በሆነ፣ ቁመቱ 4 ሜትር በሚደርስ ክፍል ጣሪያ ላይ ይገጠማል። ከዚያ አራት ዓይነት እሳት ይነድበታል። በጋለ ምጣድ ላይ የሚጨስ እንጨት፣ ነበልባል ሳያወጣ የሚግም የጥጥ ክር፣ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ሄፕቴን የሚባል ፈሳሽ። ጭሱ ከተቀመጠለት ልክ ሳያልፍ መጮህ አለበት። ጥሩ ፈተና ነው። ቡናና ዕጣን ግን የሉበትም።

አሜሪካኖች ይህን ጣጣ ቀድመው አይተውታል። ዩኤል 217 በሚባለው ደረጃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እትም፣ የሀምበርገር ጥብስ ፈተና ጨመሩ። ገና በጥብሱ ጭስ ቶሎ የሚጮህ ዲቴክተር ይወድቃል። በየቤታቸው የሚጨሰውን ነው ላብራቶሪ ያስገቡት። እኛ ቤት የሚጨሰውን ማን ያስገባልን?

ከፍታውም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። አሜሪሲየም 241 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለባቸው ዲቴክተሮች ደግሞ የአየር ግፊት ይነካቸዋል። እዚሁ ካልለካናቸው እንዴት እንደሚሠሩ በምን እናውቃለን?

ልመናዬ ይህ ነው። ናሙናውን ከመርካቶ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግዙ፤ አስመጪ መርጦ የሚያመጣላችሁን አትቀበሉ። በአራቱ እሳቶች ፈትኑት። ቀጥሎ ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ ፈትኑት። ያለፉትንም የወደቁትንም ሞዴሎች ለሕዝብ አሳውቁ። ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ጋር ተነጋግራችሁም የቡናውን ፈተና በአገራችን ደረጃ ውስጥ አስገቡልን።

ፈተናው በሚጀመርበት ቀን ምጣዱን፣ ጥሬ ቡናውንና ዕጣኑን ይዤ እመጣለሁ። በየቤቱ ምድጃው ከዲቴክተሩ ምን ያህል እንደሚርቅም አሳያችኋለሁ። እኔ ባየኋቸው ቤቶች አብዛኛው ምድጃ ከዲቴክተሩ ሥር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ