ትንቢቱ ባይደርስ ዕዳው የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን በአንባብያን ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ «ነቢይ ነኝ የሚል ሁሉ ከመንግሥት ፈቃድ ያውጣ» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ሐሳባቸው ከቅን ልብ የመጣ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን አልተዋጠልኝም። ፈቃድ ያለው ነቢይ ምን ሊሆን ነው? እንደ ፋርማሲ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሊተነብይ? እኔ የጎደለን ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። የእህቴን ነገር ልንገራችሁ፣ ፈቅዳልኛለች።

እህቴ ኮምቦልቻ ጀበና ቡና ትሸጣለች። አምና ክረምት ላይ አንድ «ነቢይ» መጥቶ ለሦስት ቀን አዳራሽ ተከራየ። እሷ ያደገችው እንደ እኔ በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ጓደኛዋ ግን «ነይ ብቻ፣ ማየት ምን ይጎዳል» አለቻት። ሄደች። በር ላይ ወጣቶች ቆመው ስም፣ ስልክ ቁጥርና «የጸሎት ርዕስ» ይመዘግባሉ። እሷም አስመዘገበች፦ ዓረብ አገር፣ ቪዛ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየው ከመድረክ ላይ ስሟን ጠራ፣ የስልኳንም የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ጨመረበት፣ ከዚያ «አውሮፕላን ይታየኛል» አላት። እሷ እዚያው ወደቀች። በኋላ ስትነግረኝ፣ ኮምቦልቻ ተቀምጦ አውሮፕላን ያልታየው ማን አለ፣ ኤርፖርቱ እዚያው አይደል እንዴ አልኳት። አልሳቀችም።

እንዴት ትሳቅ፤ 18 ሺህ ብር ወጥቷል። የእቁብ ብር ነው፣ በዚያው ሰሞን የደረሳት። ለነቢዩ የሚሰጠውን ብር «ዘር» ይሉታል። በቴሌብር ትልኪያለሽ፣ መስከረም ሳይጠባ ትበሪያለሽ ተባለች። መስከረም ጠባ። ጥቅምትም አለፈ። ስትደውል አንዱ አገልጋይ አንስቶ «ለሰው አውርተሻል አይደል? በረከቱን ራስሽ ዘጋሽው፣ እምነትሽ ጎድሏል» አላት።

እኔን ያናደደኝ ከብሩ ይልቅ (ብሩም ያናድዳል) ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት። ከደረሰ የእሱ ጸጋ፣ ካልደረሰ የሷ ጉድለት። የከብት ደላላ እንኳ እንዲህ አይደፍርም። ያሻሻጠው በሬ አላርስ ቢል «ጥፋቱ የገዢው ነው» ብሎ አያውቅም፣ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንት ከገበያ ይሰወራል እንጂ።

መጽሐፉ ደግሞ ዕዳውን የሚጥለው በተናጋሪው ላይ ነው። ዘዳግም 18 ላይ በእግዚአብሔር ስም የተነገረ ነገር ካልሆነ፣ እግዚአብሔር አልተናገረውም፣ ነቢዩ በድፍረት ተናግሮታል ይላል። አለቀ። ስለ ሰሚው እምነት ማነስ አንድም ቃል የለም። ዘዳግም 13 ደግሞ ይብሳል፤ ምልክቱ ቢደርስ እንኳ ሰውየው ወደ ሌላ አምላክ የሚወስድህ ከሆነ አትስማው ነው የሚለው። እናም ስምና ስልክ ቁጥር መጥራት፣ ያውም በር ላይ ከተመዘገበ ወረቀት፣ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

እስቲ ኤርምያስ 28ን አንብቡት፣ ሰው ብዙ አይጠቅሰውም። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ የባቢሎን ቀንበር ተሰብሯል፣ የቤተ መቅደሱ ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ ተነበየ። ደስ የሚል ወሬ ነው። ቀን ቆርጦ፣ በእግዚአብሔር ስም። ኤርምያስ ምን አለ መሰላችሁ? «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ» አለ! እሱም ቢሆን እንዲሆን ይወድ ነበር። ግን ጨመረበት፤ ሰላምን የሚተነብይ ነቢይ እግዚአብሔር በእውነት እንደላከው የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው አለ። ሐናንያ ግን ኤርምያስ ለባቢሎን አገዛዝ ምልክት አድርጎ አንገቱ ላይ የተሸከመውን የእንጨት ቀንበር አውልቆ ሰበረው። ኤርምያስም ምንም ሳይል ሄደ። ይህች ዝምታ ሁሌም ትገርመኛለች፤ ሕዝቡ ፊት ተዋርዶ፣ ወዲያው የሚመልሰው ቃል ስላልመጣለት ዝም ብሎ መሄድ! የዛሬዎቹ ማይክ ይዘው እንዲህ ያለ ዝምታ ሲያልፍባቸው አይቼ አላውቅም። በኋላ ቃል መጣለት፤ በእንጨቱ ፋንታ የብረት ቀንበር ይመጣል ተባለ። ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ።

ስለ መዳንም ልበል። ባለፈው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ፣ ሚኒባሱ ሐረጎን እየወጣ፣ አንድ ወጣት ከጎኑ የተቀመጡትን እናት «እማማ፣ ድነዋል?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም «ከምኑ ልጄ? ወባ ከያዘኝ እኮ ስንት ዘመኔ» አሉት። ታክሲው በሳቅ ሞተ፣ ልጁ ራሱ ሳቀ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄያቸው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ከምኑ? ማቴዎስ ገና ምዕራፍ 1 ላይ መልሶታል፤ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋል ይላል። ያ አዳራሽ ውስጥ ለሦስት ቀን ስለ ኃጢአት አንድ ጊዜ እንኳ አልተወራም ብላኛለች እህቴ። የሚድኑት ከቪዛ መዘግየት፣ ከኪራይ፣ ከምቀኛ ጎረቤት ነው። ከፕሮቴስታንት ጓደኞቼ ጋር እንከራከራለን፤ እነሱ ኤፌሶን 2ን ይዘው በጸጋ ድነናል፣ ተፈጽሟል ይሉኛል፣ እኔ ፊልጵስዩስ 2ን ይዤ መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ተብሏል እላለሁ፤ ቡናው ይቀዘቅዛል እንጂ አንዳችን ለሌላው አንረታም። መዳን እንደማይሸጥ ግን ሁላችንም እንስማማለን። ጠንቋዩ ሲሞን መንፈስ ቅዱስን በገንዘብ ሊገዛ ሲመጣ ጴጥሮስ ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ ነው ያለው፣ የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ።

ደግሞ የኛን ቤት ሳልነካ ባልፍ ግብዝ እሆናለሁ። ደሴ መናኸሪያ አካባቢ ቢጫ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ መቁጠሪያ ደርድሮ፣ «የግሸን እምነት ነው» እያለ አፈር በላስቲክ ቋጥሮ የሚሸጥ ሰው አይቻለሁ። እኔም ገዝቻለሁ፣ አልዋሽም፣ እናቴ ታማብኝ ነበር። ከቤት ስፈታው ውስጡ የሲሚንቶ ቁራጭ አለው። እምነት ተብሎ ሲሚንቶ! ግሸን በመስከረም 21 ስንቱ በእግሩ የሚወጣው ተራራ ነው፤ የዚያን ሁሉ ሰው ድካም ነው በላስቲክ የሚነግዱበት።

አሁን ወደ ፈቃዱ ልመለስ። የወሎ ሰው መንግሥት በእምነት መካከል ሲገባ የሚሰጋው በምክንያት ነው። ከደሴ ወጣ ብላ ያለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ባሉበት፣ ምኒልክም በተገኙበት፣ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ልደት መጽሐፍ ገልጠው የተከራከሩባት ናት። እስከ ክርክሩ ድረስ እሰየው ነው። መጨረሻው ግን እስላሙም ይጠመቅ የሚል አዋጅ ሆነ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላ ንጉሥ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ስንቱ ሰው ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። አዋጁ ስም ቀየረ፣ ልብ ግን ስንቱ ጋ ደረሰ? ስለዚህ ለአስተያየት ሰጪው የምለው፣ ፈቃዱን ተዉት፣ «ትንቢቱ ባይደርስ ዕዳው የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንውሰድ ነው። ያጭበረበረውን ሰው በማጭበርበር መክሰስ ይቻላል፣ ለዚያ የነቢይ ፈቃድ አያስፈልግም።

የእህቴ ጎረቤት እስላም ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ «አብሽሪ ልጄ፣ ብር ይመጣል» ካሏት በኋላ «ለመሆኑ ለፈጣሪ ቀጠሮ የሚሰጠው ማነው?» አሉ። እኔ ይህን ሁሉ ጥቅስ ደርድሬ ነው እዚያ የደረስኩት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ልጅ ቡና ቤቷ ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ላይ አዲስ ፖስተር ሊለጥፍ መጣ። ሌላ ነቢይ፣ እንደገና ሦስት ቀን። እህቴ «ባይደርስስ፣ ብሩን ይመልሳል?» አለችው። ልጁ ሳቀና «ይደርሳል፣ አትጠራጠሪ» አላት። ቁጭ ብሎ ሁለት ስኒ ጠጣ፣ ዝርዝር አልያዝኩም፣ ነገ ጠዋት እከፍላለሁ ብሎ ሄደ። ይህን ስጽፍ አምስተኛ ቀኑ ነው።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ፒያሳ