ሰሊጡን ከመከልከላችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ጥሬ ሰሊጥ ወደ ውጭ መላክ ይከልከል» የሚል ሐሳብ እዚህ ጎንደር ውስጥ ደጋግሜ እሰማለሁ። ቁጭቱ ይገባኛል። የመተማና የቋራ ሰሊጥ በጆንያ ተጭኖ ከተማችንን አቋርጦ ይሄዳል። ወጥ የምንሠራበት ዘይት ግን ከማሌዢያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው የሚረጋው ፓልም ነው። በምርት ገበያው ይህ ሰሊጥ «ሁመራ ጎንደር» ተብሎ ይሸጣል። ከተማችን ስሟን ሰጥታ ያገኘችው ግን ከመጋዘንና ከጫኝ አውራጅ ሥራ ብዙም አያልፍም። እኔንም ያንገበግበኛል። ቢሆንም ክልከላው ቀድሞ የሚመታው ገበሬውን ነው።

የቆዳው ነገር እንዴት ተረሳ? በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጥሬና በከፊል ያለቀ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት ተደረገ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ክረስት የሚባለው፣ ለማለቅ ጥቂት የቀረው ቆዳ ተጨመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ፋብሪካዎቻችን ጫማና ጓንት ሠርተው እንዲልኩ ነው። ግን ኬሚካል የሚያስገቡበት ዶላር አጠራቸው፣ የሚረከቡትም ቆዳ አነሰ፣ ዋጋው ወረደ። ድሮ በበዓል ማግስት «የበግ ቆዳ ያለው!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ልጆች ነበሩ። አሁን ሌጦው ቦይ ውስጥ ተጥሎ ሰፈሩን ያገማል።

ቆዳ ለገበሬው ተጨማሪ ገቢ ነው። ሰሊጥ ግን የቆላው ገበሬ የዓመት ኑሮ ነው። ያውም ፋታ የማይሰጥ ሰብል ነው። አጨዳው ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ገበሬው ለሳሉጉ፣ ለወቅቱ የቀን ሠራተኛ፣ ቶሎ መክፈል አለበት። ታስሮ በሂላ (ነዶዎቹ ተደጋግፈው በሚቆሙበት ክምር) የቆመው ሰሊጥ ደርቆ ሲራገፍ ደግሞ ለአረሙ የተበደረው ብር ይጠብቀዋል። የውጭ ገዥ በሌለበት፣ የአገር ውስጡም ፋብሪካ ባልተዘጋጀበት ጊዜ ማን ይገዛዋል? በየትኛው ዋጋ?

ፋብሪካ ያጣነው ደግሞ ሰዉ ስለሰነፈ አይደለም። ዶላር በወረፋ በነበረበት ዘመን ብዙ ላኪ ሰሊጡን በኪሳራ ይልክ ነበር። ኪሳራውን የሚያካክሰው ባገኘው ዶላር ብረት ወይም መለዋወጫ አስገብቶ በመሸጥ ነው። እዚህ ጨምቆ ለመሸጥ ያሰበ ሰው በዚያ ዋጋ ሰሊጥ መግዛት አልቻለም። አዘዞ የማውቀው አንድ ጨማቂ ማሽኑን በላስቲክ ሸፍኖ አስቀምጦታል። ኑግ ሲያገኝ ይገልጠዋል፤ ሰሊጥ ከነካ ቆይቷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ መወሰኑ ይህን ጨዋታ ያዳክመዋል። ዕድሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በርካሽ ዘይት ፓልምን እናሸንፋለን ብዬ አላምንም። የሚያዋጣው ቅርፊቱን ማንሳት፣ መቁላት፣ ፈጭቶ ጣሂና የሚባለውን የሰሊጥ ቅቤ ማድረግ ነው። የእስራኤል ጣሂና ሠሪዎች የሁመራን ሰሊጥ የሚፈልጉት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ጥሬውን እንሸጣለን፤ ጣሂናውን ግን ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ እናየዋለን። ዘይት ከጨመቅንም ፋጉሎው እዚሁ ይቀራል። የከብት መኖ ዋጋ ያስመረረው የጎንደር ወተት አምራች ትርጉሙን ያውቀዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ ተአምር አይደለም። መብራት በየሰዓቱ የማይጠፋበት መስመር ይዘርጋ። አውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ሰሊጥ ሳልሞኔላ ለሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አጥብቆ ስለሚፈትሽ፣ ዕውቅና ያለው ላቦራቶሪ እዚሁ ጎንደር ይኑር፤ ዩኒቨርሲቲያችን በዚህ ሊያግዝ ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው የሥራ ማስኬጃ ብድሩ ነው። ሰሊጥ የሚገዛው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን ባንኩ ግን ቤት ካላስያዝክ አይሰማህም። መጋዘን የገባ ሰሊጥ ደረሰኙ ራሱ እንደ መያዣ ለአነስተኛ ጨማቂም ያገልግል። መንገዱ ሰላም ካልሆነማ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሾፌሮቹን ጠይቁ።

የንግድ ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎች ክልከላ ወይም ታክስ ከማሰባቸው በፊት አንድ የምርት ዘመን ይስጡን። በዚያ ዓመት ብድሩንና ላቦራቶሪውን ያሟሉ። ከዚያ መተማ ወርደው ገበሬው ሰሊጡን ለማን፣ በስንት እንደሸጠ ይጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር