ካሴቱ ተገኘ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ስትጨቀጭቂኝ የነበረው የአያትሽ ካሴት ተገኘ። ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አሮጌው ሻንጣ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ክሩ ላልቶ ነበር፤ በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት። የሚያጫውተው ቴፕ ግን ከሰፈሩ ጠፋ። በመጨረሻ ፒያሳ አንድ ልጅ ወደ ፍላሽ ገለበጠልኝ።

1988 ነው። ጅዳ ለነበረችው አክስትሽ የተቀዳ። ያኔ ስልክ ውድ ነው፤ አያትሽ ደግሞ መጻፍ አትችልም። ስለዚህ ናፍቆቷን በካሴት ትቀዳና የሚሄድ ሰው ትጠብቃለች። ይሄኛው ወሳጅ አጥቶ ቀረ።

ስለዚያ ቀን ስንቴ እንደነገርኩሽ ታውቂያለሽ። አያትሽ ስትቀዳ አንቺ አለቀስሽ፤ እኔ ብድግ አድርጌ አዝዬ አባበልኩሽ። ቢጫ ቀሚስሽ ሳይቀር ይታየኛል።

ካሴቱ ላይ ግን የለሁም። አንቺ ታለቅሻለሽ። አያትሽ «ውይ፣ እናቷም ከሥራ አልገባች» ትላለች። ቴፑን ሳትዘጋ ትነሳለች። ከዚያ እሹሩሩዋ ከሩቅ ይሰማል።

ደነገጥኩ። አባትሽማ ሳቀብኝ። ሳይኮሎጂ የተማረው ወንድምሽ ግን «ያለ ነው» አለኝ። ኤልዛቤት ሎፍተስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳየች። «ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ያለቻቸው አሉ፤ «ሲከሰካከሱ» ያለቻቸውም አሉ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይተናል» ያሉት ከሁለተኞቹ መካከል በዙ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንድ ቃል እንዲህ ካደረገ፣ እኔ አያትሽ ስትተርከው ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ሳላውቀው ራሴን እዚያ አስገባሁ መሰለኝ።

አንቺማ ከየት ታስታውሺዋለሽ? ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሆነበትን የሚያስታውስ ሰው እምብዛም የለም። ያን ዕድሜሽን የምታውቂው እኛ በነገርንሽ ነው። እኛም እንዲህ ነን እንግዲህ።

ስልክሽ «የዛሬ አምስት ዓመት» እያለ የሚያመጣልሽን ፎቶ ትልኪልኛለሽ። ደስ ይለኛል። ግን ሁላችንም ሁልጊዜ እየሳቅን ነው። የሚያለቅስ ልጅ ሊያባብል የተነሳን ሰው ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ቅጂውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። 14ኛው ደቂቃ ላይ ጸጥ ሲል ያለቀ እንዳይመስልሽ፤ ድምፁን ከፍ አድርጊና ስሚው። ለአክስትሽም አስተላልፊላት። የሷ ነው እኮ፣ 30 ዓመት ዘገየ እንጂ።

እናትሽ