መኪና የሚከራየው በቀን፣ የሚያልቀው በኪሎ ሜትር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ለጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ የሚከራይ መኪና ሲጠፋ «አንድ ቪትዝ ገዝቶ ማከራየት ነበር» የማይል ሰው የለም። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ አብዛኛው ጀማሪ ሒሳቡን የሚሠራው በጥር ገበያ ነው። የጥርን ገቢ በ12 አባዝቶ የተቀመጠ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ ይደነግጣል፤ ሠርግ የለም፣ እንግዳው ወደየመጣበት ተመልሷል፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ባትሪው ይወርዳል። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይመለስና ክረምቱ ደግሞ ሌላ ቀዝቃዛ ወቅት ነው። ስለዚህ በወር 25 ቀን ሳይሆን 12 ቀን ይከራያል ብሎ ማስላት ይሻላል። በ12 ቀን ካላዋጣ ባይጀመር ይመረጣል።

የዋጋ ተመኑ ላይ ሌላ ስሕተት አለ። ለከተማ ሠርግ የወጣ መኪና ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ሲል ቢውል 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ያው መኪና ደባርቅ ደርሶ ለመመለስ ብቻ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ከዘለቀ ደግሞ ፒስታው (አስፋልት ያልሆነው የጠጠር መንገድ) አለ። ለሁለቱ እኩል የቀን ዋጋ መጠየቅ ከኪስ አውጥቶ መስጠት ነው። ለምሳሌ አራት ጎማ 60,000 ብር ቢገዛና አስፋልት ላይ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ ጎማ ብቻውን በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ50 ሳንቲም በላ ማለት ነው። ፒስታ ላይ ዕድሜው በግማሽ ቢያጥር 3 ብር ይሆናል። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታ በዚሁ ስሌት ይታሰቡና በኪሎ ሜትር የሚያስወጡት ይደመር። ከዚያ ውሉ ላይ «በቀን እስከ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል» ተብሎ ይጻፍ። ነዳጁ የተከራዩ ነው፤ በሞላ ታንክ ወስዶ በሞላ ታንክ ይመልስ።

«መኪና እኮ ዋጋው አይወርድም» የሚል መልስ እንጠብቃለን። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው መኪና ተወዷል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የአንተ መኪና ሲወደድ የምትተካውም አብሮ ይወደዳል። ያንተ ደግሞ በኪራይ ተጎሳቁሎ ነው የሚሸጠው፤ ለመተኪያ በየወሩ የሚቀመጥ ገንዘብ ከትርፍ አይቆጠርም።

ወረቀቱን በአጭሩ እንለፈው። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ያስፈልጋል፣ ታርጋውም ለንግድ መሆን አለበት። የቤት መኪናን «ለዘመድ ሰጠሁት» እያሉ ማከራየት ግጭት እስኪደርስ ድረስ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው። ኢንሹራንሱ ለግል አገልግሎት ተብሎ ከተፈረመ ኩባንያው ኪራይ ላይ ለደረሰ ጉዳት አልከፍልም ለማለት በቂ ምክንያት አገኘ። ሙሉ ኢንሹራንስ ሲገባም አንድ ጥያቄ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል፦ ተከራዩ ራሱ ይዞ ቢሰወርስ? በፈቃድህ የሰጠኸውን ቁልፍ ይዞ መጥፋት ብዙውን ጊዜ እምነት ማጉደል እንጂ ስርቆት አይባልም፤ የስርቆት ሽፋን ስላለ ይከፈላል ብሎ መተማመን አይቻልም። ዋናው ሊብሬም ከቤት አይውጣ፣ መኪናው ውስጥ ኮፒው ይበቃል።

በተቻለ መጠን ለመጀመሪያው ዓመት ከነሹፌር ማከራየት እንመክራለን። ምክንያቱ ሊማሊሞ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ቁልቁለቱን ያልለመደ ሰው፣ በተለይ አውቶማቲክ የሚነዳ፣ እግሩን ከፍሬን አያነሣም። ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፤ ለዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚይዝ ይፈላል፣ ፔዳሉም ላልቶ ወደ ታች ይሰምጣል። መኪናው በሰላም ቢመለስ እንኳ ጉዳቱ በማግስቱ አይታይም። የሚቀጥለው ተከራይ «ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል» ሲል ዲስኩ እንደተጣመመ ይታወቃል፣ ያኔ ማንን ይጠይቁታል? መፍትሔው በከባድ (በዝቅተኛ ቁጥር) ማርሽ መውረድ፣ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። የሹፌሩ አበልና አዳር በማን እንደሚሸፈን ውሉ ላይ ይግባ፤ የደባርቅ ሌሊት ብርድ መኪና ውስጥ አያሳድርም።

ርክክብ ላይ መቸኮል ብዙ ያስከፍላል። በስልክ ቪዲዮ መኪናውን ዙሪያውን፣ ጣሪያውንና ከፓራውልቱ ሥር ጭምር መቅረጽ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና የነዳጁን መርፌ ማሳየት፣ ተከራዩም በቪዲዮው ውስጥ ቆሞ ይታይ። ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ ተቆጥረው ይፈረምባቸው። ሰው የሚረሳው ባትሪውንና ጎማውን ነው። አዲስ ባትሪ ወጥቶ አሮጌ ተተክቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ የባትሪው መለያ ቁጥር ይመዝገብ። ጎማው ጎን ላይ የታተመችው ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም ትጻፍ፤ 2323 ከሆነ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ቁጥሩ ተቀይሮ ከመጣ ጎማው ተቀይሯል።

የሠርግ ኪራይ ቀላል ይመስላል። ሪቫኑንና አበባውን በስኮች ኮፈኑ ላይ ለጥፈው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያውሉታል፤ ማታ ሲላጥ ሙጫው ይቀራል፣ ድጋሚ የተቀባ መኪና ከሆነ ቀለሙም አብሮ ይነሣል። ሙጫውን በምላጭ ከመፋቅ በሞቀ ውኃና በዘይት ማራስ ይሻላል። ሚዜዎቹን ግን ከስኮች ይልቅ በገመድ እንዲያስሩ ቀድሞ መንገር ነው። አጀቡ በኤሊ እርምጃ ስለሚሄድ ራዲያተሩ ነፋስ አያገኝም፤ ከሠርግ በፊት ሞተሩን ኤሲ ከፍቶ 20 ደቂቃ ቆሞ ማስነሣትና ማራገቢያው መዞሩን፣ ሙቀቱም አለመውጣቱን ማየት ያስፈልጋል።

ለጥምቀት ቀብድ ስለመቀበል አንድ ነገር እናክል። አንድን መኪና ለሁለት ሰው ቃል የሚገባ ደላላ አይጠፋም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ጥር 10 ለከተራ የተያዘ መኪና ታኅሣሥ ላይ ጋራዥ ገብቶ ይውጣ፣ ቀኑም በአንድ ደብተር ላይ ብቻ ይመዝገብ፤ ደላላውም ደብተሩ ካለበት ደውሎ ሳይጠይቅ ቀብድ አይቀበል።

በመኪና ኪራይ ሥራ ላይ ከተሰማራን የከተማው ነዋሪዎች
አዘዞ፣ ጎንደር