የ1973ቱ ኤልሲኖር፦ ፍሪሲዮንና የፊት ሹካ

ሰላም አባላት፣

ሆንዳ ኤልሲኖር ሲአር 250ኤም የተባለውን የሞቶክሮስ ሞተር ብስክሌት ለምታድሱ ሁሉ። አዲስ የፍሪሲዮን ሸራዎችን በደረቁ አትግጠሙ፤ መጀመሪያ በካምቢዮ ዘይት ንከሯቸው። የብረት ዲስኮቹን መስታወት ላይ አስተኝታችሁ መጣመማቸውን እዩ። የእጅ ማንሻው ሥር ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልል ይኑር። ያለዚያ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተትና ይቃጠላል።

ሹካው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የዘይቱን ከፍታ ሞላውን አውጥታችሁ፣ ሹካውን እስከ መጨረሻው ጨምቃችሁ ለኩ። ሁለቱም የሹካው እግሮች (የግራውና የቀኙ ቱቦ) እኩል ይሁኑ። የአክስሉን መያዣ ቡሎኖች ከማጥበቃችሁ በፊት ደግሞ መሪውን ይዛችሁ ሹካውን ደጋግማችሁ ወደ ታች ተጫኑ። እግሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እባካችሁ እናንተ አትዝለሉት! ሹካው ሲነክስ (በነፃነት መውጣትና መውረድ ሲያቅተው) ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዘይቱ ሳይሆን የዚህ ነው።