«14 ቀን ተፈረደበት» ለሚሉ እናቶች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምተዳደረው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። «ልጄ 14 ቀን ተፈረደበት» ብለው እያለቀሱ የሚመጡ እናቶች ብዙ ናቸው። አልተፈረደበትም እናቴ፤ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ተጠርጣሪውን ለማቆየት የጠየቀው ተጨማሪ ጊዜ፣ «ጊዜ ቀጠሮ» የሚባለው ነው። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ ክፋቱ፣ ፖሊስ ደጋግሞ መጠየቁ ነው። ያኔ ተጠርጣሪው መቃወም፣ ዋስትናም መጠየቅ ይችላል። ተከሳሽ የሚባለው ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ነው። ጋዜጣችሁ ግን ገና ጣቢያ ያለውን ሰው «ወንጀለኛው» ብሎ ይጽፋል! የተያዘ ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ይናገራል። ከስፖርቱ ገጽ ሩቡን ቀንሳችሁ ይህን በየሳምንቱ ብታወጡት ምን ይጎድላል?