ዋጋው ካልተጫኑት የማይመጣበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከሰኞ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ከፒያሳም፣ ከሰኞ ገበያም፣ ከኮምቦልቻም የመጣው ቅሬታ አንድ ነው፦ «በመሸጫ ፕሮግራማችሁ ላይ ማውሱን ዕቃው ላይ ስናደርገው ዋጋው ብቅ ይል ነበር። አሁን ካልተጫነ አይመጣም። ለምን ነካካችሁት?» ሳልነግራችሁ መቀየሬ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። መቀየሩን ግን አምኜበት ነው ያደረግኩት።

ተራ ማውስ ሲንቀሳቀስ ያለበትን ቦታ በሰከንድ እስከ 125 ጊዜ ይናገራል። ብሮውዘሩ ይህን ሰብስቦ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ለፕሮግራማችን ያቀብላል። ፕሮግራሙን የጻፍንበት ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ነው የሚሠራው። ዋጋ ፈልጎ፣ ዋጋው የሚታይበትን ሳጥን ስሎ፣ ቀጣዩ ከመድረሱ በፊት በ16 ሚሊሰከንድ ካልጨረሰ ሥራው ይደራረባል። አዲስ ኮምፒውተር ይችለዋል። የብዙዎቻችሁ ግን ብዙ ዓመት ያገለገለ ነው። ቀይሩት ልላችሁ አልደፍርም፤ ስንት እንደሚሸጥ አውቃለሁ።

ስታክ ማድረጉንስ ችላችሁት ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ማውሱ ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ላይ ደርሶ፣ ሳጥኑ ገና የባለ 3 ሊትሩን ዋጋ ያሳይ ነበር። አንድ ደንበኛችን በዚያው ዋጋ ሲሸጥ ውሎ ያወቀው ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ነው። ክፈለኝ አላለኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ፕሮግራሙ ዋጋ የሚፈልገውን በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ቀንሰን ሞከርን። ቀለል አለ፤ እጁ ፈጣን የሆነ ሻጭ ጋር ግን ሳጥኑ አሁንም ወደኋላ ቀረ። ክሊክ አንዴ ነው፣ አይሳሳትም። ድሮ እያንዳንዱ ዕቃ ማውሱን የሚጠብቅ የራሱ ዘበኛ፣ ማለትም ትንሽ ኮድ፣ ነበረው፤ 4000 ዕቃ፣ 4000 ዘበኛ። አሁን ለሁሉም ዕቃ በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ብቻ አቁመናል፤ የተጫነው ዕቃ የቱ እንደሆነ እሱ ይለያል።

«ወጪ ለመቀነስ ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። አዘንኩ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የምንከፍለው የሰርቨር ኪራይ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እናንተ ላይ አንድ ብር አልጨመርኩም። በ2014 ከጦርነቱ በኋላ ባዶ መደርደሪያ ይዛችሁ ስትከፍቱ ክፍያ አልጠየቅኩም፤ እናንተም ትታችሁኝ አልሄዳችሁም። ይህን አልረሳም።

ሰኞ ገበያ ያሉ አንዲት እናት «ልጄ፣ እጄ ያንኛውን ለምዷል» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። እባካችሁ ሁለት ሳምንት ሞክሩት። ካስቸገራችሁ ደውሉ፣ ሱቃችሁ ድረስ መጥቼ አብረን እናየዋለን። አብሽሩ፣ ለዚህ አላስከፍልም።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት
ደሴ